ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ለአባትሽ አንብቢላቸው

«ሰላም ለርስዎ ይሁን እትዬ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ነው የሚኖሩት፤ የምንተዳደረው በቡና ነው። ባለፈው ወር አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ግቢያችን መጥቶ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለሚማሩ ሴቶች ድጋፍ እንደሚሰጥ ነገረን። አመለከትኩ፤ ደረሰኝ። በወር 4,000 ብር፣ ላፕቶፕ፣ አራተኛ ዓመት ላይ ደግሞ እነሱ ጋ ኢንተርንሺፕ። ስልኩን ስዘጋ ዶርም ውስጥ እልል ነው ያልኩት።

ከዚያ ባለ አራት ገጽ ውል ላኩልኝ። ስመረቅ ሦስት ዓመት እነሱ ጋ መሥራት አለብኝ። ካልሠራሁ የወሰድኩትን ሁሉ ሦስት እጥፍ እመልሳለሁ። ውጤቴ ከ3.0 በታች ከወረደ ድጋፉ ይቆማል። ፎቶዬንና ቪዲዮዬን ‹ለማንኛውም የማስተዋወቅ ሥራ› ይጠቀሙበታል።

አብሮኝ የሚቸክል የክፍሌ ልጅ አለ። እዚሁ ጅማ ነው ያደገው፤ እናቱ ጉልት ነው የምትሸጠው። ውጤቱ ከኔ ይበልጣል። ስነግረው ‹ሴት ስለሆንሽ እኮ ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አናወራም። አባባ ደግሞ ‹በነጻ ማን ይሰጣል? እኔ ቡናዬን በአበባው ሸጬ አይቼዋለሁ› ብሎ ዝም አለ። ሰኞ መጥተሽ ፈርሚ ተብያለሁ። የሰው ዕድል እየወሰድኩ ነው? ልፈርም ወይስ ልተወው?»

ልጄ፣ አባትሽ ከኔ ቀድመው መልሰውልሻል። የተናገሩት ጥቂት ቃል ነው፤ ግን ውስጡ ብዙ ነገር አለ። እስቲ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ቡናን በአበባው መሸጥ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለማያውቀው አንባቢ ልንገር። ክረምት ይገባል። የቤት እህል ያልቃል፣ ልጅ ይታመማል፣ ደብተር ይገዛል። ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፤ አንዳንዴም ችግሩ ቀድሞ ስለሚመጣ ገና አበባ ነው። ነጋዴው ይመጣል። ብሩን ዛሬ ይሰጣል፣ ቡናውን ሲደርስ ይወስዳል። ዋጋው የሚቆረጠው ግን ዛሬ፣ በቸገረሽ ቀን ነው። ኅዳር ላይ ጎረቤት ቀይ እሸቱን በደህና ዋጋ ሲሸጥ፣ ያንቺ ጆንያ ተጭኖ ሲሄድ ቆመሽ ታያለሽ። ነጋዴው አልሰረቀም። ብሩም ያኔ ልጅ አሳክሟል። ግን ያንገበግባል።

አባትሽ ነጋዴውን ክፉ ነው አላሉም። ዋጋው መቼ እንደተቆረጠ አስተውዪ ነው ያሉሽ። አንቺ አሁን ሦስተኛ ዓመት ነሽ፤ ገና አበባ ላይ ነሽ። የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ምን ዓይነት መሐንዲስ እንደሚወጣሽ አንቺም አታውቂም፣ እነሱም አያውቁም። የሦስት ዓመት ጉልበትሽን ግን ከወዲሁ ዋጋ እየቆረጡለት ነው።

ታዲያ አትፈርሚ ልልሽ ነው? የለም፣ ፈርሚ። ይህንን ወረቀት እንዳለ ግን አትፈርሚ።

የራሴን ላጫውትሽ። ተማሪ ሳለሁ ክፍላችን ውስጥ ሴቶች ሦስት ነበርን። አንዷ ሁለተኛ ዓመት ላይ ለቀቀች። አንድ ድርጅት፣ ስሙን ልተወውና፣ «ጎበዝ ሴት ተማሪዎችን እንደግፋለን» ብሎ መጣ። አዳራሹ ሞላ። ፖስታ ሰጡኝ። ፎቶ አንሺው አልያዘልኝም ስላለ ፖስታውን መልሼ ሰጥቼ እንደገና ተቀበልኩ። የሦስት ወር ተከፈለኝ። በአራተኛው ወር ስደውል «ኃላፊዋ ተቀይራለች» አሉኝ፤ በዚያው ቀረ። በዓመቱ መስከረም ላይ የድርጅቱ ካላንደር ወጣ። የኅዳር ገጽ ላይ እኔ ነኝ፤ ፖስታ ይዤ እስቃለሁ። እናቴ ሳሎን ሰቀለችው፤ ገጹን ግን አልገለብጥም አለች። ቤታችን ሁለት ዓመት ሙሉ ኅዳር ነበር።

አሁን ሳስታውሰው ይስቀኛል። ያኔ ግን አንድ ነገር ያበግነኝ ነበር። ድርጅቱን አንድ ጊዜም «ለምን አቋረጣችሁ?» ብዬ ደፍሬ አልጠየቅኩም። የተሰጠው ሰው እንዴት ይጠይቃል ብዬ ነው። እጄ ላይም የፈረሙልኝ ወረቀት አልነበረም። አንቺ ቢያንስ አራት ገጽ አለሽ። ክፉ ውል ከምንም ውል ይሻላል፤ ቢያንስ ጣትሽን አስቀምጠሽ «ይሄ ይስተካከል» የምትይበት መስመር አለው።

ድርጅት ለምን ይሰጣል? ስሙ ይነሳለታል። ነገ የሚቀጥረውን ሰው ከወዲሁ ያያል። ሌላው ሳያገኛት ጎበዟን ይይዛል። ይህ ነውር የለበትም። የመዋቢያ ዕቃ የሚሸጠው ሎሬያል ከዩኔስኮ ጋር ሆኖ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴት ሳይንቲስቶችን ይሸልማል። በ2014 እ.ኤ.አ. ከተሸለሙት አንዷ የኛዋ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ። የተሸለሙት የከብት መኖ ሣር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ሣሩ በሽታንና የአየር ለውጥን እንዲቋቋም እንዴት እንደሚያግዙት በማጥናታቸው ነው። ለእያንዳንዷ ተሸላሚ 100,000 ዩሮ ይሰጣል። ሎሬያል በሳቸው ስሙን አድምቋል፤ እሳቸውም በሎሬያል ሥራቸውን አድምቀዋል። ማንም «ሴት ስለሆኑ ነው» ብሎ የሣሩን ጥናት አይሰርዘውም።

የማያስር ድጋፍም አለ። ማስተርካርድ ፋውንዴሽንን ውሰጂ። ካርዱን የሚሠራው ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. አክሲዮን ሰጥቶ አቋቋመው እንጂ ፋውንዴሽኑ ራሱን ችሎ ነው የሚሠራው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተለይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ያስተምራል። እዚያ የተመረቀ ልጅ ማስተርካርድ ጋ ሄዶ እንዲሠራ የሚያስገድደው የለም። ይህንን የምነግርሽ ያንቺን ድርጅት እንድትንቂ አይደለም። «ድጋፍ ሁሉ እንዲህ ነው» ካሉሽ፣ ሁሉም እንዲህ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው።

አሁን ካልኩሌተርሽን አውጪ። 4,000 ብር በዓመት ለ10 ወር ቢከፈል 40,000 ነው። እስክትመረቂ ሁለት ዓመት ተኩል ብንል 100,000 ብር። ላፕቶፑን 60,000 ብር ነው ብለው ቢቆጥሩት 160,000 ሆነ። ሦስት እጥፉ 480,000 ብር። አየሽው? በወር በወር ሲመጣ የአስቤዛና የትራንስፖርት ብር ነው፤ በአንድ ቀን ሲጠየቅ ግን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ዕዳ ነው። ሁለት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ሠርተሽ ብትለቂስ? በጻፍሽልኝ ልክ ከሆነ ውሉ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ዝም ያለ ውል ደግሞ ብዙ ጊዜ ለጻፈው ያደላል።

አንድ ነገር ጨምሪበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራ መልቀቅ ይችላል። ማንም ወንበር ላይ አስሮ አያስቀምጥሽም። የሚያስርሽ ዕዳው ነው። ስለዚህ ሰኞ ዋናው ክርክርሽ በሦስቱ ዓመት ላይ ሳይሆን በሦስት እጥፉ ላይ ይሁን። የወሰድሽውን ብቻ፣ ያለ እጥፍ። የሠራሽበት ጊዜ እየተቀነሰ። ግማሹን ጊዜ ከሠራሽ ግማሹ ዕዳ ይነሳ። ሦስት ዓመቱን ወደ ሁለት ካወረዱልሽ እሰየው፤ ካላወረዱም ይህ ከገባ መኖር ይቻላል። ሦስት እጥፉ ላይ ንቅንቅ አንልም ካሉ ግን እኔ ብሆን አልፈርምም። እቅጩን ነው የምነግርሽ።

ከሰኞ በፊት ወረቀቱን ይዘሽ የዩኒቨርሲቲያችን ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ጋ ሂጂ። አራት ገጽ ማንበብ ለነሱ ምንም አይደለም። እኔ ያላየሁትን መስመር እነሱ ያያሉ። ከዚያ ቅዳሜ አጋሮ ውረጂና ለአባትሽ ቃል በቃል አንብቢላቸው። ወደ ኦሮምኛ እየመለስሽ ከሆነም ቀስ እያልሽ። ከነጋዴ ጋር ዕድሜያቸውን የተዋዋሉ ሰው ናቸው፤ ባለዲግሪው ያላስተዋለውን ሊያስተውሉ ይችላሉ። ደግሞም ዝም ያሉት ተቃውመው አይመስለኝም። ያልተነበበላቸውን ነገር እንዴት ይመርቁ?

የፎቶው ነገር። ሂጃብ ትለብሺ እንደሆን፣ አባትሽ ሥዕልሽ አደባባይ መውጣቱን ይወዱ እንደሆን አልጻፍሽልኝም። የሆነ ሆኖ «ለማንኛውም የማስተዋወቅ ሥራ» የሚለው በጣም ሰፊ ነው። አጋሮ መግቢያ ላይ የሚቆም ትልቅ ማስታወቂያም እዚያ ውስጥ አለ። ሁለት ነገር አስገቢ። አንድ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከመውጣቱ በፊት አንቺ አይተሽ እሺ ትያለሽ። ሁለት፣ ድጋፉ ሲቆም ፎቶውም ይወርዳል። ኅዳር ላይ እንዳትቀሪ።

3.0 ለሚለው ብዙ አልሟገትም፤ ሰው ገንዘቡን ሲያወጣ ውጤት ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ግን አንድ መጥፎ ሴሚስተር ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል። ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ የሚባለው ኮርስ ስንቱን ጎበዝ እንዳንገዳገደ ከኔ ይልቅ አንቺ ሳታውቂ አትቀሪም። «በተከታታይ ሁለት ሴሚስተር ከወረደ» ብለው ያስተካክሉት። ይህንን እምቢ የሚል ብዙ የለም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፤ ወደ ክፍልሽ ልጅ።

ግማሹን ልክ ነው፣ ግማሹን ተሳስቷል። የተሳሳተውን ላስቀድም። ሦስተኛ ዓመት ነሽና የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰድሽው በ2015 ዓ.ም. ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ከተፈተነው ሁሉ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። ከመቶው ሦስት። አንቺ ስትፈተኚ ወረቀቱን ሠርቶልሽ የሄደ ድርጅት አልነበረም። ስትመረቂም የመውጫ ፈተናው ይጠብቅሻል፤ ማለፊያው ለሱም ላንቺም 50 በመቶ ነው። ሰርኪዩት ደግሞ የነካውን ሁሉ እኩል ነው የሚያቃጥለው። ስለዚህ «ሴት ስለሆንሽ ነው» ሲልሽ፣ ድጋፉን ማለቱ ከሆነ አዎ፣ እዚያ መድረስሽን ማለቱ ከሆነ ግን በፍጹም።

እሺ፣ ድጋፉስ ለምን ለሴት ሆነ? እስቲ ላብ፣ ማለቴ ላቦራቶሪ፣ ግቡና እዩት። አራት ሆናችሁ አንድ ብሬድቦርድ፣ ሰርኪዩት የሚሞከርበት ሰሌዳ፣ ይሰጣችኋል። ሽቦውን የሚሰካው ማን ነው? የኤሌክትሪኩን ሞገድ የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ የሚያስተካክለው ማን ነው? ሪፖርቱንስ የሚጽፈው? «አንቺ ጻፊው፣ ጽሑፍሽ ያምራል» ይላሉ። በክፋት አይደለም። እኔንም እንዲሁ ነበር የሚሉኝ። ጽሑፌ በእውነትም ያምር ነበር። ሦስተኛ ዓመትን ስጨርስ በስንት ላብ ውስጥ አልፌ በገዛ እጄ የሠራሁት ሰርኪዩት በጣት የሚቆጠር ነበር። ይህ በውጤት ላይ አይታይም፤ ኤ ነው የሚመጣው። የሚታየው ሥራ ቦታ ላይ ነው፣ ስክሩድራይቨሩን ሲሰጡሽ።

ሌላም አለ። ማታ ላይብረሪ እስከ ስንት ሰዓት ትቆያለሽ? እሱስ? ከላይብረሪ እስከ ዶርም ያለችው መንገድ ለሁለታችሁ እኩል አትረዝምም። ኢንተርንሺፕ አዲስ አበባ ሲደርሰው እሱ ከጓደኛው ጋር ፍራሽ ተጋርቶ ይተኛል። ላንቺ ግን ቤተሰብ ሁሉ «የት ነው የምታድረው?» ብሎ ይሰበሰባል፤ ዘመድ ካልተገኘ ደግሞ ጅማ የተገኘው ላይ ትቀሪያለሽ። ድጋፉ የታሰበው ለዚህ ነው። ወይም ለዚህ መታሰብ ነበረበት።

ልክ የሆነበት ደግሞ ይህ ነው። ድህነት ፆታ አይመርጥም። እናቱ ጉልት ላይ በዝናብ ተቀምጣ ልጇን ኢንጂነሪንግ የምታስተምር ሴት ናት። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሱም ላፕቶፕ የለውም፤ ሲሙሌሽኑን የሚሠራው ሌላ ሰው ሲተኛ ተውሶ ይሆናል። ለሱ የተከፈተ በር አጠገቡ ሳያይ ያንቺን ሲያይ ቢቀና ሰው ነው። ጥፋቱ ቂሙን ወዳንቺ ማዞሩ ነው። በሩን ያጠበበው ሌላ፣ የሚኮረፈው አንቺ።

ስለዚህ ይቅርታ አትጠይቂው። የወሰድሽበት ነገር የለም፤ አንቺ ብትተዪው ለሌላ ሴት ይሰጣል እንጂ ለሱ አይዞርም። ግን አትሽሺው። ላፕቶፑ ሲመጣ ሲሙሌሽኑን አብራችሁ ሥሩ። እሱ ደግሞ በለውጡ ላብ ውስጥ ሽቦውን ይልቀቅልሽ፤ ሪፖርቱን በየተራ ጻፉ። ይህንን በቀልድ አድርገሽ ንገሪው፣ ይገባዋል።

ለሱም ፆታ የማይጠይቁ በሮች አሉ፤ ንገሪው። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ በነጻ የሚወሰዱ የኔትወርክ ኮርሶች አሉት። ሁዋዌ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአይሲቲ ውድድር ያዘጋጃል፤ ከኛ አገር ልጆችም ይሳተፉበታል። መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት ነው፣ አይከፈልበትም፣ ሰርተፍኬት አለው። በ2019 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረው ኤቱኤስቪ (አፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ) ልጆችን በነጻ አሠልጥኖ እስከ ጎግል አድርሷል። እዚህ ላይ ቅሬታዬን ሳልናገር አላልፍም። ደህና ነገር ሁሉ የሚጀመረው አዲስ አበባ ነው። ጅማ እኮ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጨረቃ ላይ አይደለችም። ድርጅቶች እዚህ ድረስ ለፎቶ ከመጡ ለሥልጠናም መምጣት ይችላሉ።

እነሱ ምናልባት ይህንን ካነበቡ አንድ ነገር ልጨምርላቸው። ላፕቶፕ ማደል ቀላል ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ሥዕሉም ያምራል። ለሴት ተማሪ የኢንተርንሺፕ ማደሪያ መከራየት፣ ለላብ ሁለት ተጨማሪ ኦሲሎስኮፕ መግዛት፣ አንድ መሐንዲስ በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ስልክ እንዲያነሳ ማድረግ ለፎቶ አይመችም። ልጆቹን የሚያቆየው ግን እሱ ነው።

ልጄ፣ የመሐንዲሱን ነገር አንቺም ጠይቂ። ከዚህ ሁሉ ድጋፍ እኔ ብሆን በጣም የምቋምጠው ለሱ ነው። ሥራ ስጀምር አንዲት ሲኒየር ነበረች። አንድ ቀን ኃይሉ የጠፋ የኤሌክትሪክ መስመር ልፈትሽ ቴስተሬን አንስቼ ስጠጋ እጄን ያዘችው። «መጀመሪያ ኃይል እንዳለበት በምታውቂው ቦታ ላይ ሞክሪው» አለችኝ። ሞከርኩት። አልበራም። ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቷል። እንዲያው በዚያ ቴስተር መስመሩን ብነካው «ኃይል የለም» ሊለኝ ነበር፤ እኔም አምኜው እጄን ልሰድ ነበር። አስቀድሞ መሞከር እንዳለብኝ መጽሐፍ ላይ አንብቤ፣ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። እጄ ውስጥ የገባው ግን ያን ቀን ነው። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ እደውልላታለሁ።

ስለዚህ ውሉ ላይ «ድርጅቱ የሙያ ድጋፍ ያደርጋል» የሚል ነገር ካለ ስም ይጻፍበት። ማን ነው? የት ክፍል ነው? ቢቻል ሴት መሐንዲስ ትሁን። ኢንተርንሺፑ ላይም እንዲሁ፦ የት ነው የማድረው፣ ትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል፣ ኃላፊዬ ማን ነው፣ ምን እሠራለሁ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ፎቶኮፒ ስታነሺ ውለሽ እንዳትመለሺ። ብዙ ልጅ ደርሶበታል።

ሰኞ እንዴት ልናገር ትዪ ይሆናል። ሲቢቲፒ፣ ኅብረተሰቡ ዘንድ ለሚሰጠው የዩኒቨርሲቲያችን ሥልጠና፣ ወጥታችሁ ቀበሌ ለቀበሌ ስትዞሩ የማታውቂውን ሰው በር አንኳኩተሽ፣ ቁጭ ብለሽ፣ ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ ብለሽ ጠይቀሻል አይደል? ከዚያ አይከብድም። «ዕድሉን እፈልገዋለሁ፣ አመሰግናለሁ። አራት ቦታ ላይ ማስተካከያ እጠይቃለሁ» በይ። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሁለት ኮፒ ያዢ፤ አንዱን ስጫቸው። ከዚያ ዝም በይ። መርካቶ ቅቤ ስትገዢ ዋጋ ጠርተሽ ዝም እንደምትይው። ያቺ ዝምታ ትጨንቃለች፤ አንቺ ቀድመሽ «ካልሆነም ግን ችግር የለውም» ብለሽ እንዳትሰብሪያት። እዚሁ አሁኑኑ ፈርሚ ካሉሽ አንድ ሳምንት ጠይቂ። እውነተኛ ድጋፍ በሳምንት አይሸሽም።

ምናልባት ፊት ለፊትሽ የምትቀመጠው ሴት ራሷ ውሉን አልጻፈችው ይሆናል፤ ከዋናው ቢሮ ተልኮላት ነው። አትጣዪያት። «ለአለቃዎ ያቅርቡልኝ» ማለት ይበቃል። ለሷም መንገድ ትከፍቺላታለሽ፤ ከኋላሽ የሚመጡት ሌሎቹ ሴቶችም በተስተካከለው ይፈርማሉ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ላፕቶፑ ስጦታ ነው ወይስ ውሰት? ስትመረቂ ይመለሳል? ቢሰረቅ ማን ይከፍላል? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ስለዚህ አንድም ቃል የለም። እሱንም ጻፊው።